ሳይድ ቢን ሳትሰሙ እጅ አታውጡ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ደብረ ብርሃን ጠባሴ የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ጊታር ይሞክራል፤ የአሜሪካኖቹን ፎክ እና አሜሪካና የሚሉትን ሙዚቃ ያስለመደን እሱ ነው። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ተሰብስበን፣ በወሩ ከወጡት አዳዲስ አልበሞች ናሙና ከፍተን እጅ በማውጣት አንዱን እንመርጣለን። የሚያሸንፈው ግን ሁሌም ስመ ጥር ዘፋኝ ወይም የመጀመሪያ ዘፈኑ የሞቀው ነው፤ በሳምንቱ ማንም አይከፍተውም። እንግሊዝኛውም በደንብ አይገባንም። በምን እንምረጥ? ደግሞስ የፎክና የአሜሪካና ልዩነት ምንድነው?
አምስቱ፣ ከጠባሴ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። ፎክ የድሮውን የሕዝብ ዜማና ትረካ የሙጥኝ ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅና አንድ ሁለት የክር መሣሪያ ይበቃዋል። አሜሪካና ያንኑ ፎክ ከካንትሪ፣ ከብሉዝ፣ ከጎስፔልና ከሮክ ጋር በአንድ ድስት የሚሠራ ነው። ድንበሩን እነሱም በቅጡ አላሰመሩትም። ግራሚ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የሙዚቃ ሽልማት ለአሜሪካና አልበም የራሱን ዘርፍ የሰጠው በፈረንጆቹ 2010 ነው። በ2025 የሲየራ ፌረል «ትሬይል ኦፍ ፍላወርስ» በአሜሪካና፣ የጊሊያን ዌልችና የዴቪድ ሮውሊንግስ «ውድላንድ» በፎክ አሸንፈዋል። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፤ ከእኔ የተሻለ ያስረዷችኋል።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ ይህን አምድ ከመያዜ በፊት መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። የሰላሌም የመንዝም መንገደኛ ይገባል፤ በዚያ ብርድ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ በአገጩ ካሴቱን እያመለከተ «እስቲ ክፈተው» ይለኛል። የመጀመሪያውን ዘፈን ግማሽ ሰምቶ ወይ ይገዛል ወይ ይሄዳል። ፕሮዲውሰሮቹ ይህን ያውቃሉ። ሞቅ ያለውን የካሴቱ አንደኛ ገጽ፣ ሳይድ ኤ፣ መክፈቻ ላይ ያደርጉታል፣ ተከታዩን ሁለተኛው ገጽ፣ ሳይድ ቢ፣ መክፈቻ ላይ። ስለዚህ ለራሴ ስመርጥ በእስክሪብቶ አጠንጥኜ ሳይድ ቢ ሦስተኛው ዘፈን አካባቢ አቆመው ነበር። ዘፋኙ ጉልበቱን መጨረስ አለመጨረሱ የሚታወቀው እዚያ ነው። አንድ የፋሲካ ሰሞን ግን ራሴ ሕጌን ጣስኩና በአንድ ዘፈን ተማርኬ 60 ካሴት አንዴ አመጣሁ። 40ው ክረምቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ጉም ሲጠጣ ከረመ።

የእናንተም ቅዳሜ የእኔ ሱቅ ሆኗል። ናሙና እየከፈቱ መምረጥ ይቅር፤ ሁላችሁም ሙሉውን በየቤታችሁ ሰምታችሁ ኑ። ሌላው የቀኑ ነገር ነው። ከፈረንጆቹ 2015 ወዲህ አዲስ አልበም በዓለም ዙሪያ የሚለቀቀው አርብ አርብ ነው። ወራችሁ የኛ ይሁን የፈረንጅ አልነገራችሁኝም፤ የትኛውም ቢሆን በስብሰባችሁ ዋዜማ አርብ የወጣው አልበም በማግስቱ ፍርድ ፊት ይቀርባል ማለት ነው፣ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ። የአንዱን ወር አልበም በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ምረጡ። ያን ጊዜ የምትጠያየቁት «የቱ ያምራል?» ሳይሆን «ማንም ሳያዝህ የቱን ከፈትክ?» ይሁን። መልስ የሌለው ወር ካለ ዝለሉት፤ በየወሩ ጥሩ አልበም ይወጣል ያለው ማነው?

ቋንቋውን አትፍሩ፣ ግን ዘላችሁም አትለፉት። አዝማሪ ሲገጥም ሰሙ ብቻ የገባው ሰው ወርቁ ለገባው ጎረቤቱ ሲል ይስቃል እንጂ ምን አገኘ? ለእያንዳንዱ አልበም አንድ ሰው ይመደብና የሁለት ዘፈን ግጥም በጽሑፍ አንብቦ ታሪኩን በአማርኛ ያውራችሁ። አልበሙ ከየት እንደመጣም ይናገር። ለምሳሌ «ውድላንድ» አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ያለው የሁለቱ ስቱዲዮ ስም ነው፤ በመጋቢት 2020 በፈረንጅ አቆጣጠር አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ነቅሎት ነበር። ይህን ከሰማችሁ በኋላ አንድ ጊዜ መልሳችሁ ክፈቱት።

ጆሯችሁን ደግሞ እንግዳ ነው ብላችሁ አትናቁት። በዚህ ሙዚቃ የምትሰሙት ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎችና ልጆቻቸው የሠሩት መሣሪያ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ማሲንቋችን ቆዳ ይወጠርበት ነበር። ባለ አምስት ክሩን ስታዩ አምስተኛዋ አጭር ናት፣ ከአንገቱ መሃል ትነሳለች። አውራ ጣት እየመታት ያችኑ አንድ ድምፅ ትደጋግማለች፤ ዜማው ሲወጣ ሲወርድ እሷ ንቅንቅ የለም። እሷን ለይታችሁ ለመስማት ሞክሩ። እኔ እሷን ካገኘሁ በኋላ ነው ከዚህ ሙዚቃ ጋር የተስማማሁት፤ በፊትማ ሁሉም አንድ ዘፈን ይመስለኝ ነበር።

የመረጣችሁትን ስትጽፉልኝ የተሸነፈውንም ጨምሩ፣ እሱን ነው መስማት የምፈልገው። የጊታሩ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ እሱ አስቀድሞ ከተናገረ አራታችሁ ምን እንደምትሉ እዚህ ሆኜ አውቀዋለሁ።