ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። አዲሱ ሲስተም "አልገባብህም" ይለዋል። ባለቤቱ ደግሞ እልህ ይዞታል፣ የግድ ይጫናል ብሏል። የቀረው የትኛውን ኤስኤስዲ (በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባውን ፈጣን ዲስክ) እንደሚገዛ ማወቅ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ነገሩ ብሷል። የማክ ሰዎችም አልቀሩም። የተወሰኑትን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 5ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5 ነው፤ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ 11 ልጭን ስል መስፈርቱን አታሟላም አለኝ። የዶርም ጓደኛዬ "ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ከሌለህ አይጫንም" ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጓደኛህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እየመታ ነው። የዊንዶውስ 11 መስፈርት ስለ ዲስክ ዋናው የሚለው መጠኑን ነው፦ 64 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት፣ ይሁን አላለም። አንተን የመለሰህ ፕሮሰሰሩ ነው። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚጀምረው ከ8ኛ ጀነሬሽን ነው። በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ዲስክ ብትቀይር ሁለቱም አይለወጡም።

ሩፈስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ስታዘጋጅ ይህን ፍተሻ የሚያስቀር ምርጫ ያወጣልሃል። ብዙ ሰው የሚጭነው በዚያ ነው። ግን እወቀው፦ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ የመላክ ግዴታ የለብኝም ብሏል። ወርሃዊው ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ይመጣል። በዓመት አንዴ የሚወጣው ትልቁ ግን ደጅህ ድረስ አይመጣም፤ እንደገና በፍላሽ ትጭነዋለህ።

ኤስኤስዲውን ግን ግዛ። ለመስፈርቱ ሳይሆን ለራስህ። የሚሽከረከረው ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ በሃርድ ዲስኩ መስመር በሳታ የሚሠራው ተራ ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ዋናው ልዩነት ግን ቁጥሩ ላይ አይደለም። የድሮው ዲስክ እያንዳንዷን ትንሽ ፋይል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ኤስኤስዲ እዚያው ቁጭ ብሎ ያቀብላል። እስካሁን ዊንዶውስ እስኪነሳ አቦል ጠጥተህ ቶና የምትጠብቅ ከሆነ፣ ከአሁን በኋላ ፈንዲሻው ሳይደርስህ ይነሳል።

የምትገዛው 2.5 ኢንች ሳታ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። የድሮ ላፕቶፖች ቦታ አንዳንዴ ለ9.5 ሚሊ ሜትር የተሠራ ነው። ከተንቀዋለለ የምትደግፈው ቀጭን የፕላስቲክ ፍሬም አለ። መጠኑን ከ256 ጊጋባይት አታሳንስ። 120ው በአንድ ሴሚስተር ይሞላል።

ጥያቄ፦ ጅማ ሄርማታ ገበያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዴስክቶፔ ኮር 2 ዱዎ ነው። በካርድ ላይ የሚሰካ ኤንቪኤምኢ ገዝቼ ዊንዶውስ 11 ልጭንበት?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉት። የዚያ ዘመን ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኤንቪኤምኢ ላይ ያለን ሲስተም ማስነሳት አያውቅም፤ ካርዱ ቢሰካም ኮምፒውተሩ ከእሱ አይነሳም። ዊንዶውስ 11ም 24ኤች2 ከሚባለው እትሙ ጀምሮ ኮር 2 ዱዎ ውስጥ የሌለ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል። ይህኛው በሩፈስ የሚታለፍ ፍተሻ አይደለም፤ ጭራሽ አይነሳም። ርካሽ የሳታ ኤስኤስዲ ይግዙ፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ያስጭኑ። ግን መጀመሪያ ፕሪንተርዎና ፎቶ ኮፒ ማሽንዎ በሊኑክስ መሥራታቸውን ከፍላሽ አስነስተው ይሞክሩ። ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 7ኛ ጀነሬሽን ነው። ዊንዶውስ 11 በጎን ልጭንበት ብዬ ከአዲስ አበባ ኤም.2 ኤስኤስዲ አስመጣሁ። ቦታው ላይ ልክክ ብሎ ገባ፤ ብሎኑም ታሰረ። ባዮስ ግን አያየውም። የተበላሸ ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ የመበላሸቱን ነገር አትቸኩይበት። አውጪውና መብራት ስር ያዥው። ወርቃማ ጥርሶቹ ባሉበት ጫፍ ስንት ጎድጓዳ አለ? ሁለት ከሆነ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ የያዝሽው ብዙውን ጊዜ የሳታ ኤም.2 ነው። አንድ ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ኤንቪኤምኢ ነው። መለያው ወረቀት ላይም ተጽፏል፤ ሰው ግን የሚያነበው ጊጋባይቱን ብቻ ነው።

ኤም.2 የቅርጽ ስም ነው። በውስጡ የሚሄደው መስመር ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ጎድጓዳው ደግሞ ክፉ ባህሪ አለው፦ ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ቦታ ላይም በደንብ ይገባል። ይገባል፣ ግን ማሽኑ አያየውም። ያንቺ እንደዚያ ይመስለኛል። ማረጋገጫው የሳታ ኤም.2 የሚቀበል ሌላ ማሽን ወይም የዩኤስቢ ኬዝ ነው። እዚያ ላይ ከታየ ዲስኩ ደህና ነው፤ ያልተስማማው ከላፕቶፕሽ ጋር ነው። የላፕቶፕሽን ሞዴል ቁጥር ይዘሽ የአምራቹን ማኑዋል እዪ። ቦታው ሳታ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው እዚያ ተጽፏል።

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ለወዳጄ ላፕቶፕ አንድ ኤንቪኤምኢ ገዛሁ። ያየሁት ርዝመቱን ብቻ ነበር፤ 22 በ80 ሚሊ ሜትር። ጅማ ተመልሼ ክዳኑን ስከፍት የላፕቶፑ ቦታ ጥርስ በሌላ በኩል ነው፣ ሳታ ብቻ የሚቀበል። አይገባም። ሱቁ ጋ ስደውል "የወጣ ዕቃ አይመለስም" አሉኝ። ሰዎቹ ዕቃ ሸጡ እንጂ ክዳኑን ክፈት አላሉኝም። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚገዛ ሰው መጀመሪያ ካቻቢቴ ማንሳት ይሻላል። አሁን ስልኬ ላይ ከመግዛቴ በፊት የማነሳቸው ሁለት ፎቶዎች አሉ፦ የቦታው ጥርስና የብሎኑ ርቀት።

ጥያቄ፦ የሱቄ ሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ 7 ብቻ ነው። አዲስ በገዛሁት ላፕቶፕ ላይ ልጭነው ስል ዲስክ የለም ይለኛል። ዲስኩ ግን አለ፤ ከሱ ጋር የመጣው ዊንዶውስ 11 ይሠራል።

መልስ፦ ይህ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ አዲስ ማሽን፣ አሮጌ ሲስተም። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የኤንቪኤምኢ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። ያልተወለደን ልጅ ስም ከየት ያውቀዋል! ማይክሮሶፍት በኋላ ማስተካከያ አውጥቶለት ነበር፤ ወደ መጫኛ ፍላሹ ውስጥ መክተት ግን አድካሚ ነው። ቢሳካልዎ እንኳ ዋይፋዩ፣ ዩኤስቢው፣ ስክሪኑ ድራይቨር ያጣሉ። ድጋፉም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ቆሟል። የሂሳብ መዝገብዎን ይዘው በዚያ ሲስተም ኢንተርኔት ላይ መውጣት አይመከርም። ዊንዶውስ 11ን ሳይነኩ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ይጫኑና ዊንዶውስ 7ን በእሱ ውስጥ ያስነሱት። እዚያ ውስጥ የሚያየው ዲስክ ሳታ መስሎ ይቀርብለታል።

ጥያቄ፦ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ማክቡክ ኤየር 2014 አለኝ፤ 128 ጊጋባይቱ ሞልቷል። ትልቅ ዲስክ ገብቶለት ሶኖማ የሚባለው የማክ ሲስተም ቢጫንበት ደስ ይለኛል። የትኛው ኤስኤስዲ ይስማማዋል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ሰፊ ነው፤ ቡናህን ያዝ።

መጀመሪያ ራምህን እይ። የኤየር ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም። 4 ጊጋባይት ከሆነ ሶኖማን እርሳው። አፕል ለዚህ ማሽን በይፋ የፈቀደው የመጨረሻው ሲስተም ቢግ ሰር ነው፤ እዚያው ላይ ቆይ። 8 ከሆነ እንቀጥል። ከቢግ ሰር በላይ የሚያሳልፍህ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ የአፕል ጥርስ የራሱ ነው። ተራ ኤም.2 አይገባበትም። ትንሽ አስማሚ ያስፈልጋል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በአንድ ወገን የአፕልን ጥርስ፣ በሌላው ኤም.2ን ትቀበላለች። የምትገዛው ኤንቪኤምኢ ነው፤ የሳታ ኤም.2 በዚህች አስማሚ አይሠራም። እጅግ ፈጣን ተብሎ በውድ የሚሸጠውን አትግዛ። በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ ያንተ ማሽን ውስጥ ከ1,000 በታች ነው የሚሄደው። መስመሩ የ2014 ነው። ይልቅ ኃይል የማይበላውን ፈልግ፤ ባትሪህ እሱን ነው የሚያመሰግነው።

የማይስማሙም አሉ። የሳምሰንግ ፒኤም981፣ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ከፋብሪካ የሚመጣው፣ ከማክኦኤስ ጋር ሲጣላ የታወቀ ነው። የዚያው ኩባንያ 970 ኢቮ ፕላስም መጀመሪያ ሲወጣ ማክን እየጣለ ያስነሳ ነበር፤ በ2019 ፈርምዌሩ (ዲስኩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ሲታደስ ተስተካከለ። ያገለገለ 970 ኢቮ ፕላስ ከቀረበልህ ፈርምዌሩን በዊንዶውስ ማሽን ላይ አሳድሰህ ግባ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን፤ ቅደም ተከተሉ። የድሮውን ዲስክ ከማውጣትህ በፊት በእሱ ላይ ቢግ ሰርን ጫን። ማክ ኤንቪኤምኢን በደንብ የሚያውቀው በ2017 ከወጣው ሃይ ሲየራ ጀምሮ ነው። ማሽኑም ከዚህ ዲስክ ለመነሳት የራሱ ፈርምዌር መታደስ አለበት። ያ እድሳት የሚመጣው ሲስተሙ ሲጫን፣ የአፕል ዲስክ ውስጥ ሳለ ነው። ዲስኩን ቀድመህ ካወጣህ አዲሱን ሰክተህ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ማህደር ታያለህ። የድሮውን ዲስክ አትሽጥ፤ አንድ ቀን መልሰህ ልትፈልገው ትችላለህ።

የታችኛው ክዳን ብሎን አምስት ጫፍ ያለው ትንሽ ኮከብ ነው፤ በተራ ካቻቢቴ አትታገለው። ከፍተህ መጀመሪያ የባትሪውን መስመር ንቀል። ሁሉ ገብቶ ከሠራ በኋላ ክዳኑን ዘግተህ ስታድር ጠዋት አልነቃ ካለህ አትደንግጥ። የ2013 እና የ2014 ማሽኖች በኤንቪኤምኢ ከጥልቅ እንቅልፍ መንቃት ያስቸግራቸዋል። በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት የማክ ፕሮግራም) ሃይበርኔት ሞድን 0 ስታደርገው ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ግን ተኝቶ እያለ ባትሪ ትንሽ ይበላል።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ማክቡክ ፕሮ 13 ኢንች የ2012 ነው። አዲስ ሳታ ኤስኤስዲ አስገባሁ። መጫን ይጀምርና መሃል ላይ ያቆማል። ሁለተኛ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ ያው ነው።

መልስ፦ ሦስተኛ እንዳይገዙ። በዚህ ማሽን ከዲስኩ በፊት የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሪባን በአሉሚኒየሙ ላይ ታጥፎ ስለሚያልፍ ከዓመታት በኋላ ይቆረፍዳል። ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ ይችለዋል፤ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ሲመጣበት ይወላገዳል። ዲስኩን በዩኤስቢ ኬዝ ከውጭ ሰክተው ይጫኑት። ከውጭ ከሠራ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። ሲያስመጡ ለ2012 የተሠራውን ይበሉ፤ የሌላው ዓመት አይሆንም። ከገባ በኋላ በተርሚናል፣ ትሪምፎርስ በሚባለው ትእዛዝ ትሪምን (የተደመሰሱ ፋይሎችን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቀውን) ያብሩ። የአፕል ያልሆነ የሳታ ዲስክ ላይ ማክኦኤስ ትሪምን በራሱ አያበራም።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ 16 ቴራባይት ኤስኤስዲ እጅግ በርካሽ አመጣልኝ። ይሻለኛል?

መልስ፦ አይግዙ። ውስጡን ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የስልክ ሚሞሪ ካርድ ነው። መጠኑ ተዋሽቶ ተጽፎለታል፤ ከሞላ በኋላ የሚገባው ፋይል የድሮውን እየደመሰሰ ይሄዳል። ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሞልተው ቢያነቡት ይጋለጣል። ያገለገለ ኤስኤስዲ ሲቀርብልዎ ደግሞ ክሪስታልዲስክኢንፎ ይክፈቱበት፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት እንደተጻፈበት፣ ጤናው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ያሳያል። "አላሳይም" የሚል ሻጭ ጋ አይቆዩ።

ጥያቄ፦ ጅሬን አካባቢ ነኝ። መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል፣ በቻርጀር ነው የምሠራው። ኤስኤስዲ ይጎዳብኛል?

መልስ፦ ሊጎዳ ይችላል። ተራ ኤስኤስዲ ውስጥ መብራት ድንገት ሲቋረጥ የጀመረውን ጽሑፍ የሚያስጨርስ ኃይል ማጠራቀሚያ የለም፤ እሱ ያለው ለሰርቨር በሚሠሩት ላይ ነው። በተለይ ሲስተም በሚጫንበት ሰዓትና ፈርምዌር በሚታደስበት ጊዜ ከተቋረጠ መዘዙ ከባድ ነው። ገንዘብሽ ለአንዱ ብቻ ከበቃ መጀመሪያ ባትሪ ቀይሪ፣ ኤስኤስዲው የሚቀጥለው ወር ይድረስ። እስከዚያ መጫን ግድ ከሆነብሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ያለው ሰው ቤት ሄደሽ ጫኚ።