ጥያቄና መልስ፦ ግጦሹ በድርቅ ሲያልቅ መንግሥት የሚከፍለው

አሜሪካ ውስጥ በግ፣ ፍየልና ከብት ለምታረቡ ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለው ግጦሹን ድርቅ ለወሰደበት አርቢ የሚከፈል ድጋፍ ነው። የሚሰጠው የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ኤፍኤስኤ በሚባሉት የካውንቲ ቢሮዎቹ በኩል ነው። ጠይቁ። የኤከር ሪፖርታችሁን፣ ማለትም ስንት ኤከር የግጦሽ መሬት እንደያዛችሁ የሚገልጸውን ቅጽ፣ ግን ቀድማችሁ አስገቡ።

ከቴክሳስ፦ ጋሼ፣ ሣሩ አልቆ ድርቆሽ እየገዛሁ ነው። ደረሰኝ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ደረሰኙን አስቀምጠው። ወሳኙ ግን የድርቅ ካርታው ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል። ቀድሞ ካውንቲህ በግጦሽ ወቅት ለተከታታይ 8 ሳምንት ዲ2 (ከባድ ድርቅ፤ ዲ3 እና ዲ4 ከዚህ ይብሳሉ) ላይ መቆየት ነበረበት። የ2025ቱ ሕግ ወደ 4 ሳምንት አወረደው። ይህ የ1 ወር ክፍያ ያስገኛል። ዲ3 አንዴ እንኳ ከነካ 3 ወር ነው። ዲ3 ለ4 ሳምንት ከቆየ ወይም ዲ4 ከነካ 4 ወር፣ ዲ4 ለ4 ሳምንት ከሆነ ደግሞ 5 ወር። ከካውንቲው ከፊሉ ከተነካም ይበቃል። የወሩ ክፍያ 60 በመቶ ነው። የሚሰላውም ከእንስሳቱ የመኖ ወጪና መሬቱ ሊመግብ ከሚችለው ባነሰው ነው። ስለዚህ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ፍየል ማጎር ክፍያውን አይጨምርም።

ከሚኒሶታ፦ ገንዘቡ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የትኛው ካውንቲ? ምን እንስሳ? መሬቱ የራስህ ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ከኮሎራዶ፦ መሬቱን ተከራይቼ ነው። ይገባኛል?

መልስ፦ የኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከባለመሬቱ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ በቃል ተስማምቶ ከብቱን ያስገባል። ድርቅ ሲመጣ መሬቱ በእጁ እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ስንት ኤከር እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ። ኪራዩ ከብቱ በጨመረው ክብደት ልክ ከሆነ ግን ክፍያ የለም። እንስሳቱም ድርቁ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ የእናንተ መሆን አለባቸው። ድርቅ ታይቶ የተገዛ በግ አይቆጠርም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የኤከር ሪፖርቱ!

ከቨርጂኒያ፦ ቦረናም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሳተላይት የሣሩን ልምላሜ ይለካል፤ ሲቀንስ ይከፈላል።

ከዴንቨር፦ ያ እኮ ኢንሹራንስ ነው። አርብቶ አደሩ ዓረቦን ይከፍላል።

ከቨርጂኒያ፦ ቢከፍልስ? ከብቱ ሳይሞት መኖ ይገዛበታል። እዚህ ግን ካርታው እስኪቀላ ይጠበቃል።

ከዴንቨር፦ ድሃው አርብቶ አደር ዓረቦኑን ከየት ያመጣል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቁም ነገር ተናግራችኋል፤ ሌላ ቀን እንመለስበታለን። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁለቱም የሚከፍሉት ለጠፋ ሣር እንጂ ለሞተ ከብት አይደለም። አሁን ወደ ጥያቄው።

ከዳላስ፦ ፍየሎቼ በድርቁ ሞቱብኝ። በዚህ ይካተታሉ?

መልስ፦ ያሳዝናል ወንድሜ። አሁን እኮ አልኩት፤ ይህ የግጦሽ ነው። ለሞት ኤልአይፒ የሚባል ሌላ ድጋፍ አለ፣ ድርቅ ብቻውን ግን እዚያም አይቆጠርም። ቢሆንም ለቀሩት ፍየሎች ለግጦሹ አመልክት።

ከካንሳስ፦ ታክስ አለው? ለመዝናኛ የያዝኩት ፈረስስ?

መልስ፦ ታክስ አለው። የፈረሱን ግን ቢሮውን ጠይቅ።

ከካንሳስ፦ በመስኖ የሚጠጣ መስክስ?

መልስ፦ በመደበኛው አይገባም። ውሃው ራሱ ከተቋረጠ ቢሮውን ጠይቅ።

ከቴክሳስ፦ ጋሼ፣ የኤከር ሪፖርቱን ካርታው ቀይ ሲሆን ባስገባው አይደርስም?

መልስ፦ ስንቴ ልበል? የሪፖርቱ ቀን ካርታውን አይጠብቅም። ነገ ጠዋት ወደ ካውንቲህ ቢሮ ደውል፤ ለግጦሽ መሬት የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቅና ጻፈው።