ኢዥ ፕላኔታ ወይስ ዩፒተር? ስለ አሮጌዎቹ የሶቭየት ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክሎች ለተነሳው ጥያቄ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጀርመን ሆነህ ሊትዌኒያ ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡ ኢዥ ፕላኔታ 5 እና ኢዥ ዩፒተር 5 አይተሃልና የትኛው ይሻላል? ሁለተኛው፣ ሰው ይህን ጭሳም ብረት ምኑን ብሎ ይወደዋል? ባጭሩ ፕላኔታውን ግዛ። ሥራ ለመመላለስ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዋቸው።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ውስጥ ስላለ። እነዚህ ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር አንዴ የሚያቃጥል ሞተር ያላቸው) ሞተር ሳይክሎች የጀርመን ደም አለባቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቭየቶች የጀርመኑን የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የዴካቬን ንድፎች ወሰዱ። ኢዥየቭስክ ከተማ ያለው ፋብሪካ በ1946 ኢዥ 350ን ያወጣው ከዴካቬ ኤንዜድ 350 ቀድቶ ነው፤ ሚንስክ የተባለው ትንሹ ሞተር ሳይክልም ከዴካቬ አርቲ 125 የመጣ ነው። (ይህንኑ አርቲ 125 እንግሊዞች በቢኤስኤ፣ አሜሪካኖችም በሃርሊ ስም ቀድተውታል።) ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ ለአሥርተ ዓመታት መሠረቱን ሳይነኩ ጥቂት በጥቂት እያሻሻሉ ቀጠሉ። ገዢው ገጠር የሚኖር ሰው ነበር፤ ጋራዥ የለውም፣ ቤንዚኑ ደካማ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ክፍል በካቻቢቴ፣ በጥቂት ቁልፍና በመዶሻ እንዲፈታ ሆኖ ተሠራ። ከሳጥኑ ውስጥ ቁልፎቹን፣ ከሻሲው ላይ የእጅ ፓምፑን አብሮ ይሰጡህ ነበር። ባለቤቱ መካኒክ እንዲሆን ታስቦ ነው። ይህን የሚወድ ሰው ይወደዋል፣ የማይወድ በሁለተኛው ሳምንት ይሸጠዋል።

አነዳዱ ላይ ደግሞ ፕላኔታ የራሱ ጠባይ አለው። 346 ሲሲ አንድ ሲሊንደር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 72 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 85 ሚሊ ሜትር። ጉዞው ከስፋቱ ስለሚረዝም ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይጎትታል፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሳትቀንስ ትወጣለህ። በከፍተኛ ዙር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ማስጮኽ ትርጉም የለውም። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጥ) ሲቆም አንዴ ይተኩሳል አንዴ ይዘላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ባዶውን ሲዞር የተቃጠለው ጭስ በደንብ ስለማይጠረግ ነው። የእግር ማስነሻውም የማርሽ ፔዳሉም በግራ በኩል ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቀው ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ቱ ስትሮክ ቫልቭ የለውም፤ መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ስለሆነ ሞተሩ በየትኛውም አቅጣጫ መዞር ይችላል። ፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) በጣም ከቀደመ ወይም በሰነፍ እግር ከረገጥከው ሞተሩ ተገልብጦ ይነሳና አንደኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ስትለቅ ወደ ኋላ ይወስድሃል። ስለዚህ ከተነሳ በኋላ ድምፁ ከተለመደው ከተለየብህ አጥፍተህ እንደገና አስነሳ። በተለይ ከኋላህ ግድግዳ ካለ።

አሁን ወደ ምርጫው። ዩፒተር 347 ሲሲ ሆኖ ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮች አሉት፤ ለስላሳ ነው፣ ድምፁም ያምራል። ችግሩ አንድ ካርቡሬተር ሁለቱንም ይመግባል፣ ፑንቲናው ግን ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው መስተካከል አለበት። በሁለቱ የክራንክ (የፒስተኑን ጉዞ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) ክፍሎች መካከል ያለው ማገጃ ካለቀ አንደኛው ሲሊንደር የሌላውን ትንፋሽ ይሰርቃል፤ ያንን ለመቀየር ሞተሩን እስከ መጨረሻው መበተን ነው። የሚሸጡ ዩፒተሮች ብዙዎቹ በአንድ ሲሊንደር የሚሄዱ ናቸው፣ ሻጩም «ካርቡሬተር ማጽዳት ብቻ ነው የሚፈልገው» ይልሃል። ለማወቅ ቀዝቃዛውን አስነሳና ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሁለቱን የጭስ ቱቦዎች ከሲሊንደሩ አጠገብ በእርጥብ ጨርቅ ንካቸው፤ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ መልሱን አገኘህ። ፕላኔታ ላይ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ቦቢና፣ አንድ ፑንቲና ነው፤ ካልሠራ የምትፈልገው ቦታ ጥቂት ነው።

ፕላኔታውን ስትመረምር ቀለምና ክሮም አይግዛህ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ክራንኩን ነው የማየው። ካንዴላውን ፈተህ ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አድርስ፣ ከዚያ የዲናሞውን ዘንግ በቁልፍ ይዘህ በጣም ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። «ጥቅ» የሚል ክፍተት ከተሰማህ የቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል። ክራንክ ማሠራት ከሞተር ሳይክሉ ዋጋ ጋር ይወዳደራል፣ ያኔ ዋጋውን በዚያ ልክ አስቀንስ ወይም ተወው።

ቀጥሎ የክራንኩ ዘይት ማገጃ ጎማዎች። ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ እነዚህ ጎማዎች ይደርቃሉ፤ በዲናሞው በኩልና በፍሪሲዮኑ በኩል ያሉት የሚያመጡት ችግር ግን ለየቅል ነው። በዲናሞው በኩል ያለው ካፈሰሰ አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ራሱን ችሎ ከፍ ይላል፣ ጋዝ ዘግተህም ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ ሞተሩ ይግላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ካፈሰሰ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ይጠጣል፤ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ዘይቱ ይጎድላል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል። ቀዝቃዛ ሲነሳ መጨሱ የተፈጥሮው ነው፣ አሥር ደቂቃ ከሄደ በኋላ ያለውን ጭስ ተመልከት። ጎማዎቹ ርካሽ ናቸው፣ ሥራው ግን አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ቆሞ የኖረ ሞተር ሳይክል ከገዛህ ደህና ቢመስልም ሁለቱንም ቀይራቸው።

ዘይት ላይ ሰው ሁሉ ይጣላል። ይህ ሞተር የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቅ ዘይት ነው። የፋብሪካው መመሪያ ለአዲስ ሞተር 1 ለ20 (አንድ እጅ ዘይት ለ20 እጅ ቤንዚን)፣ ከተለማመደ በኋላ 1 ለ25 ይላል። ያ ግን የተጻፈው ተራ የመኪና ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ለሚደባለቅበት ጊዜ ነው። ዛሬ በአየር ለሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ የተሠራ ዘይት ስለምታገኝ 1 ለ33 ይበቃል፤ ማለትም ለ10 ሊትር ቤንዚን 300 ሚሊ ሊትር። አዲስ ፒስተን ወይም አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ካስገባህ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር 1 ለ25 አድርግ፣ ለ10 ሊትር 400 ሚሊ። የጀልባ ሞተር ዘይት አትጨምር፣ እሱ በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። «ዘይት ሲበዛ ይሻላል» የሚለውም ምክር ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ዘይቱ ሲበዛ በዚያው ልክ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ድብልቁ ይሳሳል፤ ካንዴላው ይጨቀያል፣ የጭስ መውጫ ቀዳዳውም በጥላሸት ይጠባል። ጉልበት ቀስ በቀስ ሲያጣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከመፍታትህ በፊት ማርሚታውን አውርደህ ቀዳዳውን እይ። ጥላሸቱን በእንጨት ቁራጭ ፋቀው፣ በብረት አይደለም፤ ፒስተኑም ቀዳዳውን ዘግቶ ይቁም።

ድብልቁን በጠርሙስ ለይተህ አደባልቀህ ጨምር። በታንኩ ውስጥ ዘይቱን ብቻ ካፈሰስክ ከታች ይተኛና የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በዘይት፣ የቀረው በባዶ ቤንዚን ይሆናል።

ማስነሳቱ ሥርዓት አለው። የቤንዚን ቧንቧውን ክፈት፤ የድሮው ካርቡሬተር ከሆነ ላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን እስኪንጠባጠብ ተጫን። የኤሌክትሪኩን ቁልፍ ሳትከፍት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ከዚያ ቁልፉን ክፈትና ጋዙን በጣም ትንሽ ሰጥተህ በሙሉ ክብደትህ አንዴ ርገጥ። ስታቆም የቤንዚን ቧንቧውን መዝጋት ግዴታ ነው። የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ መርፌ በደንብ ስለማይዘጋ ቤንዚኑ ሌሊቱን ወደ ክራንኩ ክፍል ይወርዳል፣ ጠዋት አይነሳም። ከሆነብህ ካንዴላውን አውጣ፣ ቧንቧውን ዝጋ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ክፈትና አሥር ጊዜ ያህል ርገጥ።

ፑንቲናው ክፍተቱ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱን ካስተካከልክ በኋላ ብቻ ወደ ብልጭታው ጊዜ ሂድ። በካንዴላው ቀዳዳ የጥልቀት መለኪያ አስገብተህ የፒስተኑን ላይኛ ጫፍ ፈልግ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ አሳልፈህ መልስ፣ ቀጥሎ በመዞሪያው አቅጣጫ እየገፋህ ከላይኛው ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ቁም። በፑንቲናው ሽቦና በሻሲው መካከል ትንሽ አምፖል አገናኝና ቁልፉን ክፈት፤ ፑንቲናው ሊከፈት ሲጀምር አምፖሉ ይበራል። ሳህኑን እያዞርክ አምፖሉ ልክ እዚያች ነጥብ ላይ እንዲበራ አድርግና እሰር። የድሮው ኤ17 ካንዴላ ከሌለ የኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ ይገጥማል። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ አውጥተህ እየው፤ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል ወይም አየር እየገባ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። የፕላኔታ 5 ዲናሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ስለማያመነጭ ባትሪው ከሞተ አይነሳም። ጠዋት ጠዋት ካስቸገረህ ካርቡሬተሩን ከመውቀስህ በፊት ቮልቱን ለካ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር አትርሳ፦ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት አያገኝም። በየጥቂት ሴኮንዱ ጋዙን ትንሽ ከፈት አድርግ፣ ወይም ፍሪሲዮን ይዘህ በፍሬን ውረድ። ሞተሩ ድንገት ጉልበት አጥቶ ድምፁ ከታፈነ ፒስተኑ ሊነክስ (በሙቀት አብጦ ሲሊንደሩ ላይ ሊጣበቅ) ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑን ጨብጥ። ቆመህ አቀዝቅዘው፣ ሲግል አትርገጠው። ከተነሳም ምክንያቱን ሳታገኝ አትቀጥል፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ማገጃ ጎማ፣ የካርቡሬተር ማያያዣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የተዘጋ የቤንዚን ቀዳዳ ነው።

ፒስተን ስትቀይር ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዙር። ፋሻዎቹም በየቦያቸው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሚስማር ከጫፎቻቸው መካከል መቀመጧን አረጋግጥ፣ ያለዚያ ፋሻው ቀዳዳ ላይ ተሰብሮ ሲሊንደሩን ይፍቃል። መለዋወጫ ስትገዛ ብረቱን የድሮ፣ ጎማውን አዲስ ፈልግ። በሶቭየት ጊዜ ተሠርቶ ሳይነካ የቆየ ኩሽኔታና ማርሽ ዛሬ ከሚሠራው ቅጂ ይበልጣል፤ በዚያው ዘመን የተሠራ ጎማ ግን በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ደርቋል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በሻሲው ላይ ያለው ቁጥር ከሊትዌኒያው ደብተር ጋር መመሳሰሉን በዓይንህ ሳታይ ገንዘብ አትላክ። ፕላኔታ 5 መመረት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ በመጀመሪያ ይዞታው ካለ የኤች (የታሪካዊ ተሽከርካሪ) ሰሌዳ ሊያገኝ ይችላል፣ ስለዚህ የማርሚታውንና የካርቡሬተሩን ዓይነት ከመቀየርህ በፊት አስብበት። ለ350 ሲሲ ኤ2 ወይም ኤ መንጃ ፈቃድ ያስፈልግሃል። የመኪና ፈቃድ ብቻ ካለህና የቢ196 ሥልጠናውን ከወሰድክ 125 ሲሲ ሚንስክ ፈልግ፤ ጀርመን ውስጥ በሱ መንዳት ትችላለህ። ሞተሩ ቀላል ነው፣ የኋለኞቹ ሞዴሎች ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ስላላቸው ፑንቲና የለም፣ ለመነሳትም ባትሪ አይሻም። በሰሜን ቬትናም ተራሮች ለብዙ ዓመታት ሰውና ጭነት ሲያጓጉዝ የኖረውም እሱ ነው።