የጣሊያን ምሽግና ዋሻ በጎጃም፦ ጥያቄና መልስ

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ የጣሊያንን ምሽግና ዋሻ ፎቶ እያነሳን ለመመዝገብ ከየት እንጀምር? ጥሩ ዋሻ የት አለ?

መልስ፦ ከዋሻ አትጀምር። ከመሬት በላይ ካለው ግንብ ጀምር። ጣሊያን ጎጃም ውስጥ ቡሬ፣ ደምበጫ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሰፍሮ ነበር። በየከተማው ሽማግሌ ጠይቅ፣ ቀበሌውን አስፈቅድ፣ ባለ መሬቱን እሺ አሰኝ። ወታደር ያለበት ቦታና በቅርብ ጊዜ የተቆፈረ ምሽግ እዚህ ጉዳያችን አይደለም፤ ካሜራ አታውጡበት። መሬት ላይ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ።

ከዳንግላ፦ ዋሻ ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይሞላዋል። ካሜራው ነው?

መልስ፦ ካሜራው ደህና ነው፤ ፍላሹ ነው። ከሌንሱ አጠገብ የሚወጣ ብርሃን አየር ላይ ያለውን አቧራ መትቶ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። ግድግዳውንም ልሙጥ ያስመስለዋል። ፍላሹን አጥፉና ትራይፖድ ትከሉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 30 ሰከንድ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ ታይመሩ 2 ሰከንድ። በጨለማ ካሜራው ራሱ ፎከስ አያገኝም። 3 ሜትር ላይ ያለ ድንጋይ በባትሪ አብሩ፣ በእጅ አስተካክሉ፣ ቀለበቱ እንዳይዞር በፕላስተር ያዙት።

ሻተሩ ተከፍቶ ሳለ አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ግድግዳውን በባትሪ ብርሃን ይጥረገው፤ አንድ ቦታ ላይ አይቁም፣ ወደ ሌንሱም አይዙር። የመሮ አሻራና የተቀረጸ ጽሑፍ ሲሆን ባትሪውን ከግድግዳው ጋር ሊተኛ እስኪደርስ አጋድሙት። ፊት ለፊት ሲበራ የማይነበበው ፊደል በራሱ ጥላ ይወጣል። ፊደሉን በጠመኔ ማድመቅ ወይም ውሃ መርጨት ግን ጽሑፉን ማጥፋት ነው።

ሌላው ችግር ጤዛ ነው። በማለዳ ብርድ የዋለ ሌንስ ሞቅና እርጥብ ወዳለ ዋሻ ሲገባ ያልበዋል። ካሜራውን አፉ በታሰረ ፌስታል ይዛችሁ ግቡ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳትፈቱት ቆዩ።

ከማርቆስ፦ አየሩ መበከሉን በምን እናውቃለን? የድሮ ሰዎች ጧፍ አብርተው ነው የሚገቡ።

መልስ፦ ጧፍ አይበቃም። ጧፍ የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ግድም ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ የእናንተም ጉልበት ዝሏል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ጭራሽ አያሳይም። የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ ይለኩሰዋል። የሚያስፈልገው ባለ 4 ጋዝ መለኪያ ነው፦ ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ። ጎጃም ደጋ ስለሆነ መለኪያውን እቤት ሳይሆን ከዋሻው ደጅ፣ በንጹህ አየር ላይ አብሩትና ኦክስጅኑን 20.9 በመቶ ብሎ ማንበቡን አረጋግጡ።

መለኪያ የያዘ ሰው የሚሞትበትን መንገድም ልብ አድርጉ። ባለ 4ቱ መለኪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይለካም። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቁልቁል የሚወርድና ጫፉ የተዘጋ ዋሻ ውስጥ ይተኛል። አየሩን ገፍቶ 5 በመቶ ቢሞላ ኦክስጅኑ ከ20.9 ወደ 19.9 ገደማ ብቻ ይወርዳል። ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው 19.5 ላይ ነው። ስለዚህ መለኪያው ዝም ብሎ ሳለ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል። ጩኸቱን አትጠብቁ፤ ቁጥሩን አንብቡ። 20.5 ካያችሁ ተመለሱ። መለኪያውን በገመድ አስራችሁ ከፊታችሁ ወደ ታች አውርዱ። ራስ ምታት ወይም ትንፋሽ መቁረጥ ከመጣ የቁጥሩን ነገር ተዉትና ውጡ። የወደቀ ጓደኛን ለማንሳት ተከትሎ መግባትም ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው፤ ደጅ የሚቆም ሰው ይኑር፣ ገመዱ እሱ እጅ ይሁን።

ከደምበጫ፦ ጧፍ ካልሆነ ፋኖስስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እሳት የሆነ ሁሉ ያው ነው።

ከባሕር ዳር፦ የሌሊት ወፍ ያለበትስ?

መልስ፦ አትግቡ። ኩሱ ሲደርቅና ሲረገጥ ሳንባ የሚጎዳ የፈንገስ ብናኝ ይነሳል። ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ደግሞ ገዳዩን የማርበርግ ቫይረስ ሊሸከም ይችላል። በፈረንጆች 1980 እና 1987 ኬንያ ውስጥ በዚህ ቫይረስ ከታመሙት መካከል ሁለቱ የኤልጎን ተራራውን ኪቱም ዋሻ የጎበኙ ነበሩ።

ከቡሬ፦ ቡሬን ያስለቀቀው የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ከሱዳን ይዞት የመጣው ጌዴዎን ጦር ነው የሚባለው፤ ምሽጉ ላይ እንዲህ ብለን ሰሌዳ ብንለጥፍስ?

ከደብረ ወርቅ፦ ምን ማለትህ ነው? 2,000 የማይሞላ ጦር 5 ዓመት የተዋጉትን አርበኞች፣ የነበላይ ዘለቀንና የነመንገሻ ጀምበሬን ሥራ ሊወስድ ነው?

ከቡሬ፦ አልወሰደም፤ ግን መትረየሱና ግመሉ ከሱዳን ባይመጣ...

ከደብረ ወርቅ፦ ጣሊያን ከግንቡ መውጣት ፈርቶ የተቀመጠው ግመሉን አይቶ ነው?

ከዳንግላ፦ ቀኑስ? አንዱ 1933 ይላል፣ ሌላው 1941።

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀው የካቲት 25 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነው። ሰሌዳ አትለጥፉ። ክርክሩን የሚያግዝ ሥራ ከፈለጋችሁ ግን አለላችሁ፦ የተኩስ ቀዳዳዎቹን መዝግቡ። የእያንዳንዱን የውስጥና የውጭ ስፋት፣ ከወለሉ ያለውን ከፍታ፣ የሚያይበትን አቅጣጫ። ጠላት ማንን ይፈራ እንደነበር፣ መንገዱን ይሁን ዙሪያ ገባውን አገር፣ አቅጣጫው ይናገራል። ኮምፓሱን ግን ግንቡ ላይ አታስጠጉ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ (የብረት ዘንግ) መርፌውን ይስበዋል። ጥቂት ሜትር ርቃችሁ ቀዳዳው በሚያይበት መስመር ላይ ቆማችሁ ለኩ።

በፎቶው ውስጥም መለኪያ ይግባ። 1 ሜትር ዱላ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ የቆመ። መለኪያና ቦታ የሌለው ፎቶ ቢያምርም ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ማንም አይጠቀምበትም። ረጅም ግድግዳ ሲሆን እያንዳንዱ ፎቶ ያለፈውን 70 በመቶ ያህል ይድገም፤ በኋላ በኮምፒውተር ይገጣጠማል።

ከእንጅባራ፦ ፌሮው ለስላሳ ከሆነ የጣሊያን ነው ይላሉ።

መልስ፦ ያኔ ለስላሳው የተለመደ ነበር፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ከዚያ በኋላም ተሠርቶበታል። ይልቅ ዝገቱን እዩ። ብረት ሲዝግ ይፋፋል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ከታች ቅርፊቱ ወድቆ ፌሮው ከታየ፣ ወይም መሐሉ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ከስሩ አትቁሙ።

ከፍኖተ ሰላም፦ መቼ መሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ጥርና የካቲት። ሣሩ ታግጦ መሬቱ ይታያል። ከብት የሚሄድበትን ዱካ ያዙ።

ከዳንግላ፦ ቀይ ቀለም ያላት ጭብጥ የምታህል ቆርቆሮ ካየሁስ? ልጆች ለቆራሌው ይሸጣሉ ብረቱን።

መልስ፦ የጣሊያን የእጅ ቦምብ ሊሆን ይችላል። ሞዴል 35 የሚባሉት ቀይ ናቸው፤ ቀለሙ ለቆ ባዶው ቆርቆሮ ብቻ ሊቀርም ይችላል። የሚፈነዱት በሰዓት ሳይሆን መሬት ሲመቱ ነው። ተወርውሮ ሳይፈነዳ የቀረው ዛሬም አንድ ንቅናቄ ሊበቃው ይችላል። አታንሱ፣ በእንጨት አትነካኩ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ርቃችሁ ምልክት አድርጉ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆቹን የምታውቁ ሁሉ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ቆራሌው ስለገዛው ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከማርቆስ፦ የመርዝ ጋዝስ ቀርቶ ይሆን?

መልስ፦ ጣሊያን በሚያዝያ 1931 መንዝ ውስጥ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ በተጠለሉ ሰዎች ላይ ሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሟል። ይህ ነገር ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው፤ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው። የታሸገ በርሜል ወይም ጥይት አትክፈቱ። አጽም ካያችሁ ካሜራውን አውርዱና ለአካባቢው ሰውና ለባህል ቢሮው አሳውቁ።

ከደምበጫ፦ ጣሊያን የቀበረው ወርቅ...

መልስ፦ አልመልስም። መቆፈር በቅርስ አዋጅ 209/1992 ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ከባሕር ዳር፦ ድሮንስ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይሆንም።

ከእንጅባራ፦ ፎቶውን የት እናስቀምጥ?

መልስ፦ ሮው ፋይሉን ሳትነኩ በሁለት ዲስክ ላይ፣ አንዱ በሌላ ሰው ቤት። የፋይሉ ስም ቀን፣ ቀበሌ፣ የግንቡ ቁጥር፣ የግድግዳው አቅጣጫ ይሁን። አንድ ቅጂ ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ስጡ፤ የዋሻውን አፍ ትክክለኛ ቦታ ግን ለሕዝብ አትለጥፉ።