ካምሻፍት ከመግዛታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ካምሻፍት ልቀይር ብላችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ስንት አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ላይ ነው የሚውለው? ብዙዎቻችሁ አስባችሁበት አታውቁም። ልባችሁን የሰረቀው ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ሲንገጫገጭ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ድምፁን እኔም እወደዋለሁ። ካም የሚመረጠው ግን በድምፅ አይደለም።

ካምሻፍት እንቁላል የሚመስሉ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። ጉብታው ሲደርስ አየር የሚያስገባውን ወይም ጭስ የሚያስወጣውን በር፣ ቫልቩን፣ ይከፍታል፤ ሲያልፍ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ሞተሩ በ6000 አርፒኤም ሲሮጥ እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው።

የጉብታው ቁመት ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት ይወስናል፤ ስፋቱ ደግሞ ምን ያህል ክፍት እንደሚቆይ። ሁላችሁም ቁመቱን ትጠይቃላችሁ። የሞተሩን ጠባይ ይበልጥ የሚለውጠው ግን ቆይታው ነው። አየር ክብደት አለው። ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ሲሊንደሩ የሚሮጠው አየር ቶሎ አይቆምም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም መግባቱን ይቀጥላል። ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ እዚህ ይጠቅማል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን አየሩ ያ ጉልበት የለውም። ፒስተኑ የገባውን መልሶ ይገፋዋል። ቆይታው የሚለካው በክራንክሻፍቱ ዙር ዲግሪ ነው፤ 250 ዲግሪ የነበረውን 290 ካደረጋችሁት በከፍተኛ አርፒኤም ያገኛችሁትን ጉልበት በዝቅተኛው ታጡታላችሁ። ዳገት ላይና ከቆመበት ሲነሳ ይታወቃችኋል። ማስገቢያውና ማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜም ይረዝማል። ያ የምትወዱት መንገጫገጭ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍሬኑን የሚያግዘው የሞተሩ የአየር መሳብ ኃይል (ቫኪዩም) ስለሚቀንስም የፍሬን ፔዳሉ ሊጠነክርባችሁ ይችላል።

ሆንዳ በ1989 እ.ኤ.አ. ቪቴክን ያወጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው፦ በአንድ ዘንግ ላይ ለዝግታም ለፍጥነትም የየራሱ ጉብታ። እንዲህ ያለ ሞተር ካላችሁ ካሙን ለመንቀል አትቸኩሉ።

ለዕለት ተዕለት መኪና ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ካም ይበቃል። በሁለት መካከል ከተወላወላችሁ ትንሹን ውሰዱ። ሞላዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ። ደካማ ሞላ በሴኮንድ 50 ጊዜ ጉብታውን ተከትሎ መመለስ ያቅተዋል። ያኔ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ሊደርስበት ይችላል። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ከሆነ ፕሮግራሙም ይስተካከል።

አንድ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። ወጣት ሳለሁ ታፔቱ (ጉብታው ላይ ተቀምጦ ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያደርሰው ክፍል) ሮለር፣ ማለትም የሚሽከረከር ጎማ፣ የሌለው ሞተር ላይ አዲስ ካም ገጠምኩ። አስነስቼ ሚኒሞ ላይ ተውኩት፤ ድምፁን እየሰማሁ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጉብታ ተበልቶ አለቀ። በእንደዚህ ዓይነት ሞተር ጉብታው ዘይት የሚያገኘው በአብዛኛው ክራንክሻፍቱ ሲዞር ከሚረጨው ነው። ሚኒሞ ላይ ደግሞ የሚረጨው ትንሽ ነው። ስለዚህ ጉብታውን የመግጠሚያ ቅባት ቀቡት፣ ታፔቶቹን አዲስ አድርጉ፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ጨምሩ። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ወደ 2000 አርፒኤም አውጡት፤ ከ2000 በታች ሳታወርዱ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት።

ከዚያ በፊት ግን፣ ክራንክሻፍቱንና ካሙን የሚያገናኘውን ቺንጋ ወይም ካቴና በምልክቱ ገጥማችሁ ስትጨርሱ፣ ቁልፉን አትንኩ። ካንዴላዎቹን አውጡና ክራንክሻፍቱን በእጃችሁ ሁለት ሙሉ ዙር ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ በጉልበት አትግፉት። ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል። ፈታችሁ ምልክቶቹን እንደገና እዩ።