«ወዴት ነው የምወስደው?»

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለታካሚ ወገኖቻችን የሚታደሉ የጤና ወረቀቶችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። «ቴክ» (take) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በየመስመሩ ይገጥመኛል፤ እኔም በየመስመሩ «ይውሰዱ» እላለሁ። መድኃኒት ይውሰዱ፣ ዕረፍት ይውሰዱ፣ ምርመራ ይውሰዱ፣ ጥንቃቄ ይውሰዱ። በቅርቡ አንድ አዛውንት ወረቀቱን አንብበው «ለመሆኑ ይህ የማን አገር አማርኛ ነው?» አሉኝ። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ አዛውንቱ ጨከን ብለውብዎታል፤ ጆሯቸው ግን አልዋሻቸውም።

ከዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ ክኒኑን ጠቅልላ ሰጠችና «እማማ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» አለቻቸው። አክስቴም «ወዴት ነው የምወስደው?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። ዛሬ ግን «ወሰደ» የቱ ጋ እንደሚገባና የቱ ጋ እንደማይገባ ለመለየት ከዚያች ጥያቄ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።

በአማርኛ «ወሰደ» ማለት አንድን ነገር ካለበት ወደ ሌላ ቦታ ማድረስ ነው፤ ተቃራኒው «አመጣ» ነው። በዘይቤ ሲነገር እንኳ ይህ ጠባዩ አይለቀውም። እንቅልፍ ሲወስደን ካለንበት ያርቀናል። ጎርፍ ከብት ይወስዳል፤ «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ብለን እንጠይቃለን። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ሲባልም ሰውየው ከዳር ወደ መሀል ሲሄድ ይታየናል።

የእንግሊዝኛው «ቴክ» እንዲህ ዓይነት ጭንቀት የለበትም። ይጨብጣል፣ ይቀበላል፣ ይይዛል፣ ይሸከማል፣ ይውጣል። የሚገርመው እሱ ራሱ መጤ መሆኑ ነው፤ ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች «ታካ» የሚለውን ቃላቸውን ይዘው እንግሊዝ ገቡ፤ እንግሊዞች ለዚሁ ሥራ «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ መጤው ቀስ በቀስ ገፍቶ አስወጣው። የኒማን ዘመድ በጀርመንኛ «ኔመን» ተብሎ እስከ ዛሬ አለ።

ልዩነቱን በአንድ ዓይን ለማየት በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው አጠገብ ያስቀምጡት። ቀጥለው በሚመጡት አራት ቦታዎች ሁሉ እንግሊዝኛው የሚለው ያንኑ «ቴክ» ነው። አማርኛው ማቴዎስ 26፥26 ላይ «እንካችሁ፥ ብሉ» አለ። 11፥29 ላይ «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» አለ። 2፥13 ላይ «ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ» አለ። ኢዮብ 1፥21 ላይ ደግሞ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ»። አራት ቦታ፣ አራት የተለያየ ቃል፤ «ወሰደ» አንድም ቦታ የለም። «ቀንበሬን ውሰዱ» ቢባል ኖሮ የሰማው ገበሬ ቀንበሩን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር።

ከአራቱ «ነሣ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለምወደው ነው። በግእዝ ዋናው የመውሰድ ግስ «ነሥአ» ነው፤ በቅዳሴ «ንሥኡ ብልዑ» ሲባል የምንሰማው እሱን ነው። አማርኛ ሲወርሰው አጠበበውና የመከልከልና የመቀማት ግስ አደረገው። ስለዚህ «እንቅልፍ ወሰደኝ» ስንል ተኝተናል፣ «እንቅልፍ ነሳኝ» ስንል ዓይናችን ፈጦ አድሯል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በ«ቴክ» ልናገር ቢል ብዙ ደጋፊ ቃል መለመን ይኖርበታል። ፎቶ የምናነሳውም በዚሁ ሥር ነው እንጂ ፎቶ «አንወስድም»፤ ከተቀረጸ ፍሬሙ ጋር ከግድግዳ ላይ ይዘነው ካልሄድን በቀር።

ወደ ወረቀትዎ እንመለስ። እንግሊዝኛ ሥራውን ለስሙ ሰጥቶ «ቴክ»ን ለማጀቢያ ያቆመዋል። አማርኛ ግን ሥራውን በግሱ ውስጥ ይጨርሳል። «ዕረፍት ይውሰዱ» የሚለው «ይረፉ» ነው፤ «ምርመራ ይውሰዱ» የሚለው «ይመርመሩ»፣ «ጥንቃቄ ይውሰዱ» የሚለው «ይጠንቀቁ»። ሙቀት ይለካል፤ ቀጠሮም ማስታወሻም ታክሲም ይያዛሉ፤ ምክር ይሰማል፤ ሕክምናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መድኃኒት ራሱ ዓይነቱ ይለያያል፤ ክኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ ቅባት ይቀባል። «አንድ ፍሬ ከምግብ በኋላ ይዋጡ» ብለው ቢጽፉ አክስቴ ምንም ባልጠየቁ ነበር። የመድኃኒቱ ዓይነት ባልተለየበት ጥቅል ምክር ግን «መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ» ቢሉ አልቆጣም። ሐኪሙም ታካሚውም ስለለመዱት ቤተኛ ሆኗል።

ሌሎችም ቤተኛ የሆኑ አሉ። «ስልጠና ወሰደ» የሚለውን ለብዙ ጊዜ ስሰርዝ ኖሬ ተውኩት። «ሠለጠነ» ብሎ መተካት ሁልጊዜ እውነት አይሆንም፤ ሦስት ሳምንት ስልጠና ወስደው ያልሠለጠኑ ሰዎች አውቃለሁ። እዚህ ላይ የተቀዳው አነጋገር አማርኛ ያልነበረውን መለያ ሰጥቶታል። ፈተና ግን አሁንም አያግባባኝም። «ተፈተንኩ» የሚል አንድ ጥሩ ቃል እያለን «ፈተና ወሰድኩ» ስንል፣ አክስቴ ቢሰሙ የፈተናውን ወረቀት ሰርቀን የወጣን ይመስላቸዋል።

«እርምጃ መውሰድ» የሚለው ደግሞ ለብቻው ነው። የተሠራው በእንግሊዝኛው አምሳል ይመስላል፤ የኖረው ግን የኛን ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ሬዲዮ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲል አድማጩ ሰዎቹ መገደላቸውን ያውቃል። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ደም አልተሸከመም። ስለዚህ በጤና ወረቀት ላይ «የሳንባ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ እርምጃ ይወሰዳል» ብለው እንዳይጽፉ አደራ፤ የዚያ ዘመን ሰው ካነበበው ሁለተኛ ሆስፒታሉን አይረግጥም።

እንግዲህ «ይውሰዱ» ያሉበትን ሁሉ ከመሰረዝዎ በፊት አጠገቡ «ወዴት?» ብለው ይጻፉበትና ይዩት፤ መልስ ያጣውን ይለውጡት። አንዱ መስመር ላይ «ለምርመራ ትንሽ ደም ይወሰዳል» ብለው ከሆነ ግን እሱን አይንኩት። አዛውንቱ «ወዴት?» ቢሉዎት፣ ወደ ላቦራቶሪ።