ኳስ ሳይመቱ ከኳስ እንጀራ ይበላል?

ሰሞኑን ከየአቅጣጫው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር ያዘነብላሉ። ስፖርት እንወዳለን፣ እንዴት መተዳደሪያ እናድርገው? ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ። ስም አልጠቀስኩም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ጋሼ፣ በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ነው የምውለው። ወረዳው ካልቀጠረኝ ምን ሠርቼ ልኑር?»

ወንድምዓለም፣ መራራውን ላስቀድም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየዓመቱ ያስመርቃሉ። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ግን በየዓመቱ መደብ አይከፍትም። ማስታወቂያው ሲወጣ ተመዝገብ፤ ቁጭ ብለህ ግን አትጠብቀው።

ዲግሪህ ከንቱ አይደለም፤ አጠገቡ ላይሰንስ ይጎድለዋል። እግር ኳስ ማሠልጠን ከፈለግህ የሚጠየቀው የካፍ፣ ማለትም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ነው። ከዲ ይጀምራል፤ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ እስከ ፕሮ ይወጣል። ኮርሱን የሚያዘጋጀው ፌዴሬሽኑ ስለሆነ የዞኑን ሰዎች ተዋወቅ። ቦታ ሲገኝ ቀድሞ የሚታወሰው በየቀኑ ሜዳ ላይ የሚታይ ሰው ነው። ይህ ልክ ነው አላልኩም፤ አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው።

እስከዚያው አንድ የታዳጊ ቡድን ውስጥ ግባና ምክትል አሠልጣኝ ሁን። በነፃ? አዎ፣ ግን ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ የትራንስፖርት ጠይቅ። «ልጁ ኳስ ይወዳል» እየተባለ ለዓመታት በነፃ የሚነዳ ብዙ ሰው አለ።

ከሜዳ ውጭም ሥራ አለ። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በ2013 ዓ.ም. በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ የጨዋታ ቪዲዮ ማግኘት ቀሏል። የባህር ዳር ከነማን አንድ ጨዋታ ያዝና ደጋግመህ እይ። የማዕዘን ምት ሲመጣባቸው ማን የት ይቆማል? ኳስ ሲነጠቁ ስንት ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል? ያየኸውን በሁለት ገጽ ጽፈህ ለአንድ አሠልጣኝ አሳየው። ሲቪህ ላይ «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ብለህ ከምትጽፈው ይሻልሃል።

ጂምንም አትናቅ። ሐኪም ለስኳርና ለደም ግፊት ታካሚው «እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎ ይሸኘዋል። እንዴት አድርጎ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳየው ግን የለም። አንተ ተምረኸዋል። በዕድሜ ገፋ ያሉ አምስት ደንበኞችን በወር ክፍያ ይዘህ ብትጀምር፣ ጡንቻ ከሚፈልገው ወጣት ይልቅ እነሱ ይጸኑልሃል።

ከቡሬ፣ አንዲት እናት፦ «ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ኳስ ላይ ጎበዝ ነው ይሉኛል። አንድ ሰው ቱርክ ወስጄ ክለብ አስሞክረዋለሁ ብሎ 150 ሺህ ብር ጠየቀን። በሬዎቹን ልንሸጥ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እትዬ፣ በሬዎቹን አይሽጡ።

የፊፋ ደንብ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር የሚፈቅደው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ኑሯቸውን ወደዚያ አገር ካዛወሩ ይፈቀድለታል። እርስዎ ግን ቡሬ ነዎት። ስለዚህ ሰውየው ልጁን ኢስታንቡል ቢያደርሰው እንኳ ክለብ ሊያስፈርመው አይችልም። የሚሄደው በጉብኝት ቪዛ ይሆናል። ቪዛው ሲያልቅ ልጁ ሰው አገር፣ ያለ ቋንቋ፣ ያለ ዘመድ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ከብሩ ይልቅ ይህ ነው።

ሌላም ነገር ይጠይቁት። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የተጫዋች ወኪል የፊፋን ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከታዳጊ ጋር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠናና የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ስልክ የሚችል የጎረቤት ልጅ ይፈልግልዎት። ስሙ ከሌለ ነገሩ እዚያው አለቀ። ስሙ ቢኖርም ሕጋዊ ወኪል የሚያገኘው ተጫዋቹ ውል ሲፈርም ከሚታሰብ ኮሚሽን ነው። ከወላጅ ጓዳ ቅድሚያ ብር አይለቅምም።

ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ይጫወት። የልደት ሰርተፊኬቱን በትክክለኛ ዕድሜው ያውጡለት። «ሁለት ዓመት እንቀንስለት» የሚል አሠልጣኝ ከመጣ በር ይዝጉበት። በወረቀት የተቀነሰ ዕድሜ አንድ ቀን ከፓስፖርትና ከትምህርት ማስረጃ ጋር ሲጋጭ የሚቀጣው ልጁ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ «መምህርት ነኝ፣ 22 ዓመቴ። ዳኛ መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ሴት ልጅ ፊሽካ ይዛ ከወንዶች ጋር ስትሯሯጥ ያሳፍራል ይሉኛል።»

እህትዓለም፣ ሊዲያ ታፈሰን አሳያቸው። በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዷ ነበረች። ከወንዶቹ ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ተመርጦ ነበር። ያፈረባቸው ሰው አላየሁም።

ዕድሜሽ ጥሩ ነው። ዓለም አቀፍ ዳኛ የሚያሰኘውን የፊፋ ባጅ ለማግኘት ረዳት ዳኛ ቢያንስ 23፣ ዋና ዳኛ ደግሞ 25 ዓመት ሊሆናት ይገባል። መንገዱ ከዞን ኮርስ ይጀምራል፤ ከትምህርት ቤቶች ውድድር አልፎ ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ይሄዳል። ብዙዎች የሚወድቁት ሕጉ ላይ ሳይሆን ሩጫው ላይ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሴት ዋና ዳኞች የሚሰጠው ፈተና 40 ሜትርን 6 ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ6.4 ሰከንድ መሮጥ ነው። ከዚያ 75 ሜትር ሮጦ 25 ሜትር መራመድ፣ ይህንንም 40 ጊዜ መደጋገም ይመጣል። ድምሩ 4 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን የሚጠበቅብሽ ይህ አይደለም፤ ግን ከወዲሁ ልመጂው።

ማስተማሩን አትተዪ። ዳኛ የሚከፈላት በጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ሲቆም አበሉም ይቆማል። መንገድ ተዘግቶ ውድድር ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ጎጃም ላለ ሰው አልነግርም።

ከደጀን፦ «27 ዓመቴ ነው። ክለብ ገብቼ አላውቅም። ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆን እችላለሁ?»

አይመስለኝም። የሠፈር ጨዋታህን ግን ለማንም ብለህ አትተው።

ከሞጣ፦ «ነርስ ነኝ። ከስፖርት ጋር የሚያገናኝ መንገድ አለ?»

አለ፤ የቡድን ወጌሻነት። ዛሬ ክለቦች ማሸት ብቻ የሚያውቅ ሰው አይበቃቸውም። ጉዳቱን ለይቶ፣ ተጫዋቹ መቼ ወደ ሜዳ እንደሚመለስ አሠልጣኙ ፊት ደፍሮ የሚናገር ይፈልጋሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። እሱ ካልተመቸሽ ለአካባቢሽ ውድድሮች የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪ ሆነሽ ጀምሪ። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ውኃ ተደፍቶበት ወደ ሜዳ የሚመለስባቸው ውድድሮች ስላሉ አንቺ በጣም ታስፈልጊያለሽ።

ከዳንግላ፦ «ቴሌግራም ላይ የስፖርት ገጽ አለኝ። የአውሮፓ ዝውውር ወሬ እተረጉማለሁ። ጋዜጠኛ የምሆነው እንዴት ነው?»

የአርሰናልን ወሬ ካንተ በፊት ሺህ ሰው ተርጉሞታል። የዳንግላን ቡድን ውጤት ግን ማን ይጽፈዋል? አሰላለፉን፣ ጎል አግቢውን፣ የተጎዳውን ዘግብ። አሠልጣኙን አነጋግረህ ድምፁን ቅዳ። በኩር ጋዜጣም ሆነ የአሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ሬዲዮ ካገር ቤት የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ዘገባ ነው። የቤቲንግ ማስታወቂያ ይመጣልህ ይሆናል፤ እኔ ብሆን አልቀበልም። ተከታዮችህ ተማሪዎች ናቸው።

ከመራዊ፦ «በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ቆጋ መስኖ ላይ አትክልት አለማለሁ። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ይህ ነገር እኔን ይመለከታል?»

ከሁሉም ይልቅ ደስ ያለኝ ጥያቄ ያንተ ነው። የባህር ዳር ስታዲየም በ2014 ዓ.ም. የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ከታገደ በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ለዓመታት ሰው አገር ሲጫወቱ ኖረዋል። መስፈርቱ ሣር ብቻ አይደለም፤ መልበሻ ክፍሉም ወንበሩም አለበት። ነገር ግን በየከተማችን ያሉትን ሜዳዎች እያቸው። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ናቸው። ማፋሰሻ የሚቀድ፣ ውኃውን የሚመጥን፣ ሣሩን በወቅቱ የሚያጭድ ባለሙያ የላቸውም።

በሞቃት አገሮች ለኳስ ሜዳ ከሚመረጡት ሣሮች ዋነኛው የእኛው ሰርዶ ወገን ነው። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ያ ሰርዶ። ሲረገጥ ይችላል፣ ሲታጨድ ጥቅጥቅ ይላል። መስኖ ታውቃለህ፣ አፈር ታውቃለህ። አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የጎሉን አፍ ብቻ ተቀብለህ አንድ ክረምት አልማው። በፊትና በኋላ ፎቶ አንሣ። ከዚያ ፎቶውን፣ የአንድ ገጽ ዕቅድና ዋጋህን ይዘህ የከተማውን ስፖርት ጽሕፈት ቤት አንኳኳ። ዋጋውን ሳትጽፍ እንዳትሄድ፤ በጎ ፈቃደኛ ነው ብለው ይመዘግቡሃል።